የስብሐት ታናሽ

በራያ ቆቦ ሜዳ ማሽላ ሲደርስ፣ ማጭድ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራ አንድ ሥራ አለ። ዘር ይመረጣል። ባልና ሚስት፣ ብዙ ጊዜም ሚስት፣ ገና በቆመው አዝመራ መሃል እየዞሩ ዛላ ያያሉ። ፍሬው ሙሉ የሆነውን፣ ወፍ ያልደፈረውን፣ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ቀድሞ የደረሰውን፣ አቀንጭራ የተባለው አረም ጎረቤቶቹን ሲያጠወልግ እሱ ቀጥ ብሎ የቆመውን ይለያሉ። የተለየው ከሌላው ጋር አውድማ አይወርድም። ለብቻው ተቆርጦ፣ ለብቻው ታስሮ፣ ከምድጃው በላይ ጢስ በሚደርስበት ቦታ ይሰቀላል። ጢሱ ነቀዝ ያርቅለታል። ማሽላው እዚያው ጠቁሮና ደርቆ ሚያዝያን ይጠብቃል።

ይህ ሥራ ስንት መቶ ዓመት፣ ምናልባትም ስንት ሺህ ዓመት ተሠርቷል። በየዓመቱ አንድ ውሳኔ፣ በየቤቱ አንድ ውሳኔ ነው። ይህን አስቀምጥ፣ ያንን ብላ። የዛሬው የቆቦ ማሽላ የእነዚያ ውሳኔዎች ድምር ነው። እንዲህ በብዙ ማመዛዘን የተገነባ ነገር በወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ድርሰት እንለው ነበር፤ ሽፋኑ ላይም ስም እንፈልግ ነበር። ማሽላው ላይ ግን ስም የለም።

ስለዚህ ስም የለሽ ሥራ በኢትዮጵያ ማንም ሰው እንደ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር አጥብቆ ተከራክሯል ብዬ አላምንም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ወንድም መሆናቸው ደግሞ፣ ይህን ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር ያስቆመኛል።

ስብሐትን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በ1928 ዓ.ም. በዓድዋ አቅራቢያ በእርባ ገረድ ተወለደ፤ የካቲት 12 ቀን 2004 ዓ.ም. አረፈ። ‹ሌቱም አይነጋልኝ›፣ ‹ትኩሳት›፣ ‹ሰባተኛው መልአክ›፣ ‹አምስት ስድስት ሰባት› የእሱ ናቸው። ‹ሌቱም አይነጋልኝ› ድፍረቱ አታሚ አሳጥቶት ለዓመታት በቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ልቦለድ ነው። አማርኛ የሚያነብ ሁሉ ወይ ይወደዋል ወይ ይቆጣዋል፤ የማያውቀው ግን የለም። ከእሱ ቀጥሎ በ1932 ዓ.ም. የተወለዱትን ታናሽየውን ግን፣ ‹የስብሐት ወንድም እኮ ናቸው› ሲባል ነው ብዙ ሰው ‹እ!› የሚለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ታላቅየውን ‹እሱ› ታናሽየውን ‹እሳቸው› እያልኩ ነው። ማንም ያዘዘኝ የለም። ደራሲ የሁላችን ስለሆነ አንቱ አንለውም፤ ጋሽ ስብሐት ደግሞ ‹አንቱ› ቢባል የሚስቅ ሰው ነበር። ሳይንቲስቱና ባለሥልጣኑ ግን በማዕረጋቸው ተጠርተው እዚያው በማዕረጋቸው ቀሩ። አክብሮቱም ራሱ ያርቃል ማለት ነው። ልተወው፤ በዚሁ ልቀጥል።

ተወልደ ብርሃን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ ዶክትሬታቸውን እ.ኤ.አ. በ1969 በዌልስ ባንጎር ካገኙ በኋላ ወደ አገር ተመለሱ። አብዮቱ ሲፈነዳ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኑ፤ ቀጥሎ የብሔራዊ ሄርባሪየሙ ኃላፊ፣ ከዚያም እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሲቋቋም መሪው እሳቸው ሆኑ፤ ብዙ ዓመትም ቆዩበት። መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው አረፉ። ይህ ሁሉ የአንድ የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ታሪክ ይመስላል፤ እርግጥም ነው። ዋናው ነገር ያለው ሄርባሪየሙ ውስጥ ነው።

ሄርባሪየም የደረቀ ዕፅ የሚጠበቅበት ቤት ነው። እያንዳንዱ ዕፅ በወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ መቼ፣ የት፣ በማን እንደተሰበሰበ ተጽፎበት ይቀመጣል። የዕፅዋት ሳይንስ ደግሞ አንድ ልማድ አለው። ከዕፁ የላቲን ስም በኋላ፣ መጀመሪያ የገለጸው ሊቅ ስም ይከተላል። ማሽላ በዚህ ሥርዓት ሁለት ስም ይዞ ይዞራል። አንደኛው የስዊድኑ የሊኒየስ ሲሆን አሕጽሮቱ በቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1794 ዛሬ የምንጠቀምበትን ስም የሰጠው የጀርመኑ የሞንክ ነው። አፍሪካ ውስጥ ከዱር ሣር ለይተው ለእንጀራና ለጠላ ያበቁት ሰዎች ስም በዚያ መስመር ላይ ቦታ የለውም። ሳይንሱ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚመዘግበው የገለጸውን እንጂ የፈጠረውን ስላልሆነ ነው። ግን ዕድሜውን ሙሉ እነዚህን ወረቀቶች ሲያገላብጥ የኖረ ሰው፣ ከላቲኑ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ አለማየት የሚችል አይመስለኝም።

ተወልደ ብርሃን የቆቦ ሰው አይደሉም። ከዓድዋ ወደ አዲስ አበባ በመቀሌ የሚመጣው መንገድ ከአላማጣ ቆቦን አቋርጦ ወደ ወልድያ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ዝምድና ልፈጥርላቸው አልችልም። የተከራከሩለት ነገር ግን እንደዚህ ሜዳ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፤ በምዕራብ ደጋው ይቆማል፤ በመካከል ከባሕር ወለል ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለው ሜዳ ተዘርግቷል። ዝናቡ የማይታመን ነው። ገበሬው ከደጋው የሚወርደውን የሆርማትንና የጎሊናን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ ያሰራጫል። ዝናቡ በሚያዝያ ከመጣ ረጅም ጊዜ የሚቆየውን፣ ቁመቱ ሰው የሚያሰጥመውን ማሽላ ይዘራል። ከዘገየ ፈጥኖ የሚደርሰውን ይፈልጋል። ጭራሽ ከቀረና ሐምሌ ከገባ ወደ ጤፍ ይዞራል። ይህ ሁሉ አማራጭ በአንድ ቤት ጣሪያ ስር፣ በተለያየ ዛላ ተሰቅሎ መገኘት አለበት። ደጋሊት፣ ጅጉርቲ፣ ሌላም ብዙ ስም አለ፤ ስሙን የሚያውቀው ደግሞ መቼ እንደሚዘራው፣ ለጠላ ወይስ ለእንጀራ እንደሚሻል፣ አገዳው ለከብት ይጣፍጥ እንደሆነ አብሮ ያውቃል።

የወሎ ማሽላ በዓለም ሳይንስ መጽሔት የወጣበት አንድ አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሲንግና አክስቴል፣ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን ፈትሸው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል እጅግ የበዛባቸውን ሁለት አገኙ። ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ነበሩ። ማሽላ ብቻ ለሚበላ ልጅ ላይሲን ማነስ የዕድገት ጉዳይ ነውና፣ ግኝቱ ብዙ ተስፋና ብዙ ምርምር አስከተለ። ናሙናዎቹ በጽሑፉ ውስጥ የተጠሩት አይ.ኤስ. 11167 እና አይ.ኤስ. 11758 በሚል ቁጥር ነው። የወሎ ገበሬ ግን ለዚህ ዓይነቱ ማሽላ ስም ነበረው፤ ወተት በጉንጬ፣ ማርጭቄ። ከሌላው ማሽላ ጋር አሰባጥሮ በትንሹ ይዘራዋል፤ እሸቱን ጠብሶ ይበላዋል። ፍሬው ሲደርቅ የሚጨማደድ፣ ምርቱም አነስተኛ የሆነ ማሽላ ነው። ምርት ብቻ የሚቆጥር ሰው ድሮ ይጥለው ነበር። ያልጣለው ሰው ላይሲን የሚባል ነገር አልሰማም፤ ልጆቹ እንደሚወዱት ግን ያውቃል።

እንግዲህ ግኝቱ የማን ነው? የፈተሹት ሰዎች ሥራ ሐቀኛ ሥራ ነው፤ ያለ እነሱ ላይሲኑ አይታወቅም ነበር። ግን ያገኙት የተጠበቀ ነገር ነው። ጠባቂ ነበረው። በዚህ ጥያቄ ላይ ነው ተወልደ ብርሃን ዕድሜያቸውን የጨረሱት።

መልሳቸው ቀላል ይመስላል። ዘር የሰው ልጅ የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ከድሃው ማሳ በነፃ ይወሰድና፣ ቤተ ሙከራ ገብቶ ሲወጣ የአንድ ኩባንያ ንብረት ይሆናል፤ ይህ አካሄድ ፍትሕ አይደለም አሉ። የፓተንት ሕግ አንድ ፈጣሪ፣ አንድ ቀን፣ አንድ አዲስ ነገር ይፈልጋል። የቆቦው ማሽላ ፈጣሪው ብዙ፣ ቀኑ ማለቂያ የሌለው፣ አዲስነቱም በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ነው። ስለዚህ ሕጉ ያላየው ባለቤት ስለሌለ ሳይሆን ዓይኑ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ስለሆነ ነው። ባለቤቱ ማኅበረሰብ ሊሆን ይችላል፤ ማኅበረሰብም መብት አለው። ይህን ሐሳብ ይዘው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ለአባል አገሮች ያዘጋጀውን አርአያ ሕግ ሲቀርጹ ዋናው እጅ የእሳቸው ነበር።

ስብሐት በተቃራኒው በኩል ቆሞ ይታየኛል። የደራሲ መብት የአንድ ሰው መብት ነው፤ ‹ትኩሳት› የስብሐት ነው፣ ሌላ ማንም ሊሆን አይችልም። ቢሆንም እሱ ራሱ የጻፈው ስለ ውቤ በረሃ፣ ስለ ሴተኛ አዳሪዎችና ስለ ሰካራሞች፣ ስለ ተራ ሰው ወሬ ነው። ወሬው የእነሱ፣ ስሙ የእሱ። ደራሲ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ወቀሳ አይደለም። ሁለቱ ወንድማማቾች ስም ከሌለው ሕዝብ ሥራ ፊት ቆመው ነበር ማለቴ ነው። አንዱ ተቀብሎ በራሱ ድምፅ አወጣው። ሌላው ‹ይህ የእነሱ ነው፣ ይመዝገብላቸው› ብሎ ደብዳቤ ጻፈ።

ደብዳቤው ሞንትሪያል ድረስ ሄደ። በቤተ ሙከራ ዘረመላቸው የተለወጠ ዕፅዋት ድንበር ሲሻገሩ ተቀባዩ አገር አውቆ እንዲፈቅድ ወይም እንዲከለክል የሚያስችል ዓለም አቀፍ ውል ሲዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በኮሎምቢያዋ ካርታሄና ድርድሩ ፈረሰ። በአንድ ወገን እነ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አርጀንቲና እና አውስትራሊያ ያሉበት ስድስት እህል ላኪ አገሮች ቆመዋል። በሌላው ወገን አብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች በአንድ ቡድን ተሰባስበዋል፤ የዚህ ቡድን አፍ ተወልደ ብርሃን ነበሩ። በዓመቱ፣ ጥር 20 ቀን 1992 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ሌሊቱን ሙሉ ተደራድረው ውሉ ጸደቀ፤ የካርታሄና ፕሮቶኮል ይባላል። በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት ተወልደ ብርሃን አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ሞንትሪያል ላይ ስለዚሁ ፕሮቶኮል በሚደረግ ስብሰባ ሊገኙ ቢጠይቁ ካናዳ ቪዛ ነፈገቻቸው፤ ከብዙ አገር ጩኸት ሲበዛ ነው የሰጠቻቸው። እንግዲህ ‹ብዙም የማይታወቀው ወንድም› የምንላቸው ሰው፣ መምጣታቸው ያሳሰበ ሰው ነበሩ። በኛ ሰፈር የማይታወቁ፣ በሌላ ሰፈር ከሚገባው በላይ የታወቁ።

አገር ውስጥ ሁለት አዋጆች አሉ። አንደኛው ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት የሚደነግገው ቁጥር 482/1998 ነው። ጄኔቲክ ሀብቱን የመንግሥትና የሕዝብ፣ ዕውቀቱን ደግሞ የማኅበረሰቡ ያደርጋል፤ መንግሥት ከሀብቱ በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም ግማሹ ለማኅበረሰቡ እንዲደርስም ይላል። ሌላው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ነው። ጥብቅ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ላላ፤ ዘረመሉ የተለወጠ ጥጥም በኋላ ተፈቀደ። የላላው ትክክል ነበር የሚሉ ጥሩ ሳይንቲስቶች አሉ። ጥጥ ላይ ልሟገታቸው አልሻም። ማሽላ ላይ ግን አመነታለሁ፤ ምክንያቱም የማሽላ አበባ ከዱር ዘመዱ ጋር በነፋስ ይዳቀላል፤ አገራችን ደግሞ ዱሩም እርሻውም ጎን ለጎን የሚበቅልባት ናት። አንዴ የገባውን መልሶ ማውጣት አይቻልም።

‹ማኅበረሰብ› የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግን ቀላል አይደለም። የራያ ማሽላ የማን ማኅበረሰብ ነው? የቆቦ ነው? የአላማጣ? በጋብቻ ወደ ዞብል የሄደች ሙሽራ እናቷ ቤት የነበረውን ዘር ይዛ ሄዳ ቢሆንስ? በገበያ ቀን በጣሳ ተለክቶ የተሸጠው? አማርኛም ትግርኛም ኦሮምኛም ሲሰማበት በኖረ ሜዳ ላይ ዘር ማንን ጠይቆ ይቆማል? የወሰን ክርክር ያለበት አገር ውስጥ ‹ይህ ዘር የእኛ ነው› የሚለው ሐረግ ከታሰበለት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ተወልደ ብርሃን ‹ማኅበረሰብ› ሲሉ እርስ በርሱ የሚዋዋሰውን ሁሉ ማለታቸው ነበር፤ ሕግ ግን ድንበር ይወዳል።

ውሉስ ቢፈረም? በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ስምምነት አድርጎ ነበር። ኩባንያው በአውሮፓ የጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ ፓተንት ያዘ፤ ከስሮ ተዘጋ፤ ለኢትዮጵያ የደረሳት ከጥቂት ሺህ ዩሮ አላለፈም። ፓተንቱን የሄግ ፍርድ ቤት በ2011 ዓ.ም. ውድቅ ያደረገው ኩባንያው ከጠፋ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ግማሹ ለማኅበረሰቡ ይድረስ የሚለው አንቀጽ መልካም ነው፤ የምንም ግማሽ ግን ምንም ነው።

በሌላ በኩል ዘሩን ያተረፈው ሕግ ብቻ አልነበረም። በ1966ቱ ረሃብም በ1977ቱም በቆቦ የሚያልፈው ያ መንገድ፣ ከደሴ እስከ ቆቦ፣ ከዚያም ሽቅብ እስከ ኮረም፣ በሰው ሬሳ የተሞላ ነበር። ረሃብ ሲጠና ቤተሰብ ለዘር የሰቀለውን ያወርዳል። ያን ጊዜ የጠፋው የሰው ነፍስ ብቻ አልነበረም፤ ከየቤቱ ጣሪያ ስር የነበረው ምርጫም አብሮ ጠፍቷል። የኢትዮጵያን የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የአካባቢ ዘሮችን እየሰበሰቡ፣ እያበዙ ለገበሬው መመለስን ሥራቸው አደረጉት። አማራጭ ኖቤልን እ.ኤ.አ. በ1989፣ ከተወልደ ብርሃን አሥራ አንድ ዓመት ቀድመው የተሸለሙትም ለዚህ ነው። አንዲት አገር ስለ ዘር ሁለት ጊዜ ይህን ሽልማት ማግኘቷ፣ ሀብቷንም ስጋቷንም ይናገራል።

ስለ ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እንግሊዛዊት የዕፅዋት ሊቅ፣ የተወልደ ብርሃን ባለቤት ነበሩ፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የተመዘገበባቸውን ትልልቅ ጥራዞች ካዘጋጁት አንዷ ናቸው። ሁለቱ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ገበሬዎች መሃል ብስባሽ በማዳበሪያ ፋንታ የሚሞከርበትን ሥራ ይደግፉ ነበር። የታዋቂ ሰው ወንድም ሆኖ ከመረሳት የባሰ፣ የተረሳው ሰው ሚስት ሆኖ መረሳት ነው።

አሁን ወደ ቆቦ ማሳ ብንመለስ ስም ያለው ማሽላም አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተለቀቀ፣ አቀንጭራን የሚቋቋም፣ ‹ጎብዬ› የሚባል ዝርያ አለ፤ ከቆቦ በስተደቡብ ያለችው ትንሽ ከተማ ስም ነው። ከዚህ ሜዳ ዘር አልተወለደም፤ ፐርዱ ውስጥ፣ በኢትዮጵያዊው ገቢሳ ኤጀታ እጅ የተዳቀለ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ አቀንጭራ ማሳ ሲወርስ ያየ ሰው አያቃልለውም። እዚህ የተፈጠረው ማሽላ ወደ ውጭ ሲሄድ ስሙን ጥሎ ቁጥር ያዘ፤ ውጭ የተፈጠረው ሲመጣ የዚህን ቦታ ስም ወሰደ። ይህን ሳስብ አልናደድም፤ ትንሽ ፈገግ እላለሁ። ገበሬውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ወደ ረጅሙ የድሮ ማሽላ ይመለሳል፤ አገዳው መኖ፣ ማገዶና የቤት ግድግዳ ነውና። ተመራማሪው ፍሬውን ይመዝናል፤ ገበሬው ከሥሩ እስከ ጫፉ ያለውን።

የስብሐት መጻሕፍት ዛሬም አዲስ አበባ በአስፋልት ዳር ተዘርግተው ይሸጣሉ፤ ስሙ ከርዕሱ በላይ ደምቆ ታትሟል። የተወልደ ብርሃን ዋና ጽሑፍ የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢመጣ፣ የሳይንስ ጽሑፎቻቸውን ትቼ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን እሰጠዋለሁ። የታተመው በነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። እያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ የእሳቸው ክርክር ይሰማኛል፤ ‹አርክቦት› የሚለው ብርቅ ቃል ሳይቀር ከግእዝ ቆፍሮ የሚያወጣ ሰው እንዳለበት ይናገራል። ደራሲው ማን እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። መጨረሻ ገጹ ላይ ያለው ስም የፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ነው።